ሙዱላ ላይ ልክ የመጣው ናሙና

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ገና ሳይነጋ ነው። ጉዞዬ፣ ገበሬዎች ምርታቸውን ለመጫን የመኪና ቦታ የሚይዙበትን አፕ ለማስሞከር ነበር። አፑ ራሱ አልተሠራም። የያዝኩት ናሙናውን ነው፤ ቁልፉ ሲነካ ገጹ ይቀየራል እንጂ ከኋላው መኪናም ሾፌርም የለም። ቡታጅራን እስክናልፍ ድረስ ናሙናውን በትልቁ ስልኬ ላይ ደጋግሜ እያየሁ በሥራዬ ስኮራ ነበር።

ሆሳዕና

ምሳ ላይ ከቡላና ከቅቤ የሚሠራውን አታካና በልቼ መነሳት አቃተኝ። ከዚያ ናሙናውን በነጋዴዎች ስልክ ላይ ከፈትኩት። ስክሪኖቹ ትንንሽ ስለሆኑ ገጹ ተጨምቆ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆነ፤ ፊደሉም ጤፍ አከለ። ሰዉ ይሉኝታ ይዞት ስልኩን አፍንጫው ድረስ እያስጠጋ "በጣም ጥሩ ነው" ይለኛል። ጋሽ ከድር የሚባሉ የአይሱዙ ሾፌር ብቻ ሳቁብኝ።

"ፎቶ አንስተሽ ነው እንዴ ያመጣሽው? ይሄ አፕ አይመስልም።"

ተናደድኩ፤ ልክ ነበሩና። ስልክ ቁጥራቸውን ተቀብዬ ሆቴል ገባሁ። ፊደሉን አሳደግኩ፣ ትርፉን ሥዕል አወጣሁ፣ ቁልፉንም አውራ ጣት የሚደርስበት ቦታ ላይ አደረግኩት።

ሙዱላ

በማግስቱ በዱራሜ በኩል በቀይ አፈር መንገድ ስንንገጫገጭ ቆይተን ገበያው ሞቅ ሲል ደረስን። ዝንጅብል የሚያመርቱት እትዬ ማርታ ትንሿን ስልካቸውን ሰጡኝ። ናሙናው ስክሪኑን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞላው። ማንም ሳይረዳቸው መኪና መረጡ፣ ቦታ ያዙ፣ "ተመዝግቧል" የሚለውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ሌላ ሰው ሄድኩ።

ስመለስ በስልክ አውርተው ሲዘጉ ደረስኩ። "ባለቤቴን ዝንጅብሉን መንገድ ዳር አውጣ አልኩት። አንድ ሾፌር ጠይቆኝ ነበር፣ መኪና ይዣለሁ ብዬ አሰናበትኩት።"

ክው አልኩ። "እትዬ፣ ሙከራ ነው ብዬዎት ነበር እኮ።"

"ሞከርኩ፣ ሠራ! እኔ ገበያ ላይ እፍኝ ዝንጅብል ሳሳይ ከኋላዬ ጆንያው አለ። ካንቺስ ኋላ ምን አለ?"

ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝንጅብሉ ከራሰ ይበላሻል። የትናንቱን የተጨመቀውን ባሳያቸው ኖሮ አያምኑትም ነበር። ጋሽ ከድር ጋ ደወልኩ።

"ሺንሺቾ ነኝ፣ ባዶዬን" አሉ። ጉዴን ስነግራቸው ሳቃቸው አላቆም አለ። "እንግዲህ አሁን አፕ መሰለልሽ ማለት ነው!"

መጡ። የመጨረሻው ጆንያ ተጭኖ ሸራው ሲታሰር ዝናቡ ወረደ። እኔም ከእነ ጭቃዬ እየሳቅኩ እትዬ ማርታን አቀፍኳቸው።

አዲስ አበባ

ቤቴ ስገባ ደክሞኛል፣ ግን ደስ ብሎኛል። ናሙና በሰው ስልክ ልክ ሲሰፋ ሰው እንደሚያምነው ተምሬያለሁ። አሁን በየገጹ አናት ላይ "ይህ ሙከራ ነው፤ መኪና አይመጣም" የሚል በትልቁ ጽፌበታለሁ።

ምሽት ላይ እትዬ ማርታ ደወሉ። "ዝንጅብሉ በደህና ገባ፣ ጌታ ይባርክሽ። ስልኬ ላይ ያለውን ለጎረቤቶቼ አሳየኋቸው። ሙከራ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ። እውነተኛው መቼ ነው ይላሉ።"

በማግስቱ ኮምፒውተሬን አልከፈትኩም። ጋሽ ከድር ጋ ደውዬ የሚያውቋቸውን ሾፌሮች ሁሉ እንዲያገናኙኝ ለመንኳቸው።