የሜሮንን የማዕበል ቦርድ ፍለጋ ሊትልተን የሄድን ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ የነበርነው እኔ፣ ልጄ ሜሮን፣ በቫናቸው የወሰዱን ጎረቤታችን ጋሽ ተስፋይ፣ ቦርዶቹን የምትሸጠው ሊንዳ፣ ሐይቁ ዳር ደግሞ አቶ ከድር ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ነን።

የሄድንበት ምክንያት ይህ ነው። ሜሮን ካይት ሰርፊንግ የሚባለውን ከጀመረች ሁለተኛ በጋዋ ነው። ለማታውቁት፣ ካይት የሚባል በገመድ የሚያዝ ትልቅ የጨርቅ ክንፍ በነፋስ ኃይል ሰውን ይጎትታል፤ ሰውየው ቦርድ በሚባል ሳንቃ ላይ ቆሞ ውሃውን እየሰነጠቀ ይሄዳል። እስካሁን የምትጫወተው ሐይቅ ላይ ነበር። አሁን ግን ከጓደኞቿ ጋር ኦሪገን ባሕር ዳር ልትሄድ ነው፤ እዚያ ማዕበል አለ። የእሷ ቦርድ ሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ለማዕበል አይመችም፣ ፊትና ኋላ ያለው ያስፈልጋል አለችኝ። "ሂጂ፤ ግን እኔ ሳላየው አይገዛም" አልኳት። ስለ ባሕር የማውቀው ነገር የለኝም። ልጄ ግን አንድ ናት።

ከኮልፋክስ መነሳት

ጋሽ ተስፋይ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ባለው ሕንፃችን፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። አስመራ አማርኛ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ልጅነታቸው ምጽዋ ነው። የኤርፖርት ቫን ይነዳሉ፤ ቦርድ የሚያክል ዕቃ የሚችል መኪና ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ለመንኳቸው። እኔ ፋሻ፣ የቁስል ቅባት፣ ፎጣ፣ ብርድ ልብስ፣ ውሃና ከሶማሌዎቹ ሱቅ የገዛሁትን ትኩስ ሳምቡሳ ይዤ ወረድኩ። ቦርሳዬን አዩና፣

"ወይዘሮ ሙሉ፣ ደግሞ ወዴት ልንሰደድ ነው?" አሉኝ።

ሜሮን ስቴፕልተን በሚባለው ሰፈር አንድ ካፌ የጠዋት ሺፍት ስለነበራት እሷን ለመውሰድ በዚያ በኩል ዞርን። የድሮው ኤርፖርት መሬት ላይ አዳዲስ ቤቶች ተደርድረዋል፤ የተተከሉት ዛፎች ገና ከእኔ ያጥራሉ። ጋሽ ተስፋይ ሣር የሚያጭድ ሰውዬ አሳዩኝ። "መጀመሪያ አሜሪካ ስመጣ አውሮፕላኔ ያረፈው እዚህ ነበር። ይኸው ሰውዬው ሣር አበቀለበት" አሉ።

ሜሮን ከኮምፒውተር ፕሪንት ያደረገችውን ካርታ እያነበበች፣ በሃይዌይ ወደ ደቡብ ወረድን። በስተቀኝ ተራሮቹ ጫፍ ላይ ትንሽ በረዶ ቀርቷል። ቤንዚን ስለተወደደ ጋሽ ተስፋይ ኤሲውን አጥፍተው መስኮት ከፈቱ። ሳምቡሳውን እዚያው ጨረስነው።

ሊትልተን

ሊንዳ ፀጉሯ የሸበተ፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ናት። ጉልበቷን ስላመማት ነው የምትሸጠው። ሁለት ቦርድ ቤቷ ደጅ ሣሩ ላይ አስተኝታ ጠበቀችን። አንደኛው ከሜሮን ይረዝማል፤ ወፍራም ነው፣ ጅራቱ ሰፊ፣ ሆዱ እስከ አፍንጫው እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ። ሁለተኛው አገጯ ጋ ይደርሳል፤ ሳሳ ያለ ነው፣ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ብሏል፣ ጅራቱ እየጠበበ ሄዶ ይከብባል።

ሊንዳ የሜሮንን ክብደት ጠየቀች። የምትሄድበት ቦታ ነፋሱ ኃይለኛ ነው ወይ፣ ማዕበሉስ ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው ወይስ ለስላሳ ብላ ጠየቀች። ሜሮን ነፋሱ ኃይለኛ፣ ማዕበሉም ቀጥ ያለ ነው ስትላት ትንሹን በእግሯ ገፋ አደረገችልን።

እኔ ግን ዓይኔ ትልቁ ላይ ነበር። ትልቅ ነገር ያንሳፍፋል ብዬ ነው። ደግሞ ለልጄ ልብስም ጫማም አንድ ቁጥር አስበልጬ ነው የገዛሁላት፤ የአንደኛ ክፍል ካፖርቷን ሦስተኛ ክፍልም ለብሳዋለች።

"ትልቁን ውሰጂ፣ ታድጊበታለሽ" አልኳት።

"ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ! አይ አም ትዌንቲ! ከዚህ በላይ የት ነው የማድገው?"

"ወደ ጎን ይቀርሻል" አሉ ጋሽ ተስፋይ። ቀጥለውም ወደ እኔ ወገኑ፦ "እኔ ምጽዋ ያደግኩ ሰው ነኝ። ትልቅ ጀልባ ይሻላል።"

"ጋሽ ተስፋይ፣ ጀልባ እኮ አይደለም!"

ሊንዳ ምን እንደምንጨቃጨቅ ገብቷት ሳቀች። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሐይቅ ላይ ሁለቱንም እንድንሞክር ጭነናቸው ሄድን፤ እሷም በራሷ መኪና ተከተለችን።

ሐይቁ ዳር

ሐይቁ ዳር ሥጋ የሚጠብሱ ሐበሾች አገኘን። አቶ ከድር የአዲስ አበባ ልጅ ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ። ሰላም ተባባልን፣ ባለቤታቸው ሻይ ሰጡን።

ሜሮን እኔን ደስ ለማሰኘት በትልቁ ጀመረች። ነፋሱ ቀላል ስለነበር ቀስ ብላ ተንሸራተተች። "አየሽ!" ብዬ ጮኽኩ። ጋሽ ተስፋይም በኩራት አዩኝ።

ከዚያ ከተራሮቹ በኩል ነፋስ መጣ። ሐይቁ በአንድ ጊዜ ነጭ በነጭ ሆነ። ቦርዱ ውሃውን መቁረጥ አቃተው፤ ከሞገድ ሞገድ እየዘለለ ያንገጫግጫት ጀመር። ልሙጡ አፍንጫ ውሃ ውስጥ ተሰካና ሜሮን በፊቷ ተደፋች። ቦርዱ ለብቻው፣ ልጄ ለብቻዋ። ካይቱ ድንጋዩ ወዳለበት ዳር ይጎትታታል። እኔ ስሟን እየጠራሁ በጫማዬ ውሃ ውስጥ ገብቻለሁ።

አቶ ከድር ሹካቸውን ጥለው ሮጡ። ሊንዳ "ገመዱን እንዳትነካ!" ብላ በእንግሊዝኛ ጮኸች፤ እሳቸው ግን ይዘውት ነበር። ሊንዳ ደርሳ ካይቱን ራሱን ያዘችና አስተኛችው። ሜሮን ተነስታ ቆመች። ከጉልበቷ መጫር በቀር ምንም አልሆነችም። አቅፌ አልለቃት አልኩ።

የአቶ ከድርን መዳፍ ግን ገመዱ ሰንጥቆታል። ቅባት ቀብቼ በፋሻ ጠቀለልኩላቸው። "ምንም አይደል እቴ፣ መሪ በአንድ እጅም ይያዛል" አሉኝ። ሺፍታቸው ደርሶ ስለነበር ቤተሰባቸውን ይዘው ቶሎ ሄዱ።

ነፋሱ ትንሽ ሲረጋ ሜሮን ትንሹን ቦርድ አነሳች።

"ዛሬ በቃ!" አልኳት።

"ማሚ፣ ኦሪገን ሄጄ አንቺ በሌለሽበት ከምሞክረው፣ እዚሁ እያየሽኝ አይሻልም?"

ሊንዳ ሜሮንን እያስተረጎመች አስረዳችኝ። ቆሞ የሚሄድን ሰው የሚሸከመው ካይቱ ስለሆነ፣ ቦርዱ ሰውን ሙሉ በሙሉ እንዲያንሳፍፍ አይፈለግም። ትልቅ ቦርድ ነፋስ ሲያንስ ወይም ሰውየው ከባድ ሲሆን ጥሩ ነው። ኃይለኛ ነፋስ ሲመጣ ግን ክብደቱ ቀላል የሆነ ሰው አይቆጣጠረውም። የቀናው አፍንጫ ማዕበል ላይ ሲወርድ አይሰካም፤ ጠባቡና ክቡ ጅራት ደግሞ ቀጥ ያለውን ማዕበል ነክሶ ይይዛል። ሰፊ ጅራት ለስላሳና ትንሽ ማዕበል ላይ ነው የሚያምርበት።

"ሂጂ" አልኳት።

ሊንዳ ለነፋሱ የሚመጥን ትንሽ ካይት በፓምፕ ነፋችላት። ወጣች። ያ ቦርድ ሞገዱ ላይ አልዘለለም፤ በመሃሉ ነው ያለፈው። ስትዞር በጎኑ ተጋድሞ ዞረላት። ነፋሱ አንድ ሁለት ጊዜ ሲጨምር እኔ የጋሽ ተስፋይን ክንድ ጨመቅኩ፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ያዘችው። በፈለገችበት ተመልሳ፣ ቦርዱን በብብቷ ይዛ፣ በእግሯ ወጣች። ፎጣውን ይዤ ሮጬ ተቀበልኳት።

"ለካ ትልቅ የሚሻለው የምጽዋ ጀልባ ብቻ ነው" አሉ ጋሽ ተስፋይ፣ ቀስ ብለው።

መመለስ

ትንሹን ገዝተን በመጣንበት መንገድ ተመለስን። ሜሮን ኋላ ወንበር ላይ ብርድ ልብሴን ለብሳ ተኛች፤ ኮልፋክስ እስክንደርስ በመስታወት ሳያት ነበር። ልጆቻችሁ ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ እናቶች፣ ቦርድ ስትገዙ እንደ እኔ በሚያድግበት አትለኩ። የልጁን ክብደት፣ የነፋሱን ኃይልና የማዕበሉን ዓይነት ጠይቁ፤ ከተቻለም እያያችሁ ይሞክረው። ሜሮን ሐሙስ ትሄዳለች። ፍርሃቴ ጨርሶ አልወጣም፤ እንቅልፍ ግን ተኝቻለሁ።

የአቶ ከድርን ስልክ ሳልቀበል ቀረሁ። ከአዲስ አበባ ናቸው፣ ታክሲ ይነዳሉ፣ ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች አሏቸው። የምታውቋቸው ካላችሁ፣ እጃቸው እንዴት እንደሆነ እባካችሁ ንገሩኝ።