ማድቤት የተባለው ቤት

የወንድሜ ልጅ በጓሮ በኩል መሠረት እያስቆፈረ ነው። በአንድ ግቢ ለቤተሰብ ሁለተኛ ቤት መሥራት ተፈቅዶለት፣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት እያውለበለበ «አክስቴ፣ ጨረስኩ እኮ!» ሲለኝ፣ እንኳን ደስ ያለህ አልኩትና ቁጭ አልኩ። ዝናብ የነካው የተቆፈረ አፈር ሽታ፣ ሳልጠራው፣ ይሄ ዓለም ባንክ የምንለው ሰፈር ገና የገብስ ማሳ ወደነበረበት ዘመን ይዞኝ ሄደ።

ያኔ የአባቴ እህት እትዬ ዘነበች ትዳሯ ፈርሶ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ይዛ መጣች። አባቴ የራሷ ጣሪያ እንዲኖራት ፈለገ፤ የገበሬ ማኅበሩ ደንብ ግን ለአንድ ግቢ ከአንድ መኖሪያ በላይ አይፈቅድም። ማድቤትና በረት ከሆነ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ አባቴ ሁለተኛ «ማድቤት» ሠራ። ጎረቤት በደቦ ተጠራ፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተደባልቆ እስኪቦካ ቀናት ተቀመጠ፤ እኛ ልጆች እስከ ጉልበታችን ገብተን ረገጥነው፤ ሽታው ሳምንት ሙሉ አልለቀቀንም። ምርጊቱን የመሩት ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ አልጋ ሲገባ አይተው «አንቺ ዘነበች፣ ማድቤት ውስጥ አልጋ ምን ይሠራል?» ቢሏት፣ «ሽንኩርቱ ይተኛበታላ!» አለች። ሰው ሁሉ በጭቃ እጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ያሳብቃል ተብሎ መስኮት አልተሠራለትም። እትዬ ዘነበች ከቤተሰቡ ማንበብ የምትችል እሷ ብቻ ነበረችና፣ ዕድሜሽ አልፏል ተብዬ ከትምህርት የቀረሁትን እኔን በሩ ደፍ ላይ፣ ብርሃን ባለበት፣ አስቀምጣ ፊደል አስቆጠረችኝ። ቃል ገምቼ ሳነብ ጉልበቴን ቆንጠጥ አድርጋ «የተጻፈውን እንጂ የመሰለሽን አታንብቢ» ትለኛለች። አስተማሪ ሆኜ ስንቱን ተማሪ በዚህ አባባል እንዳሰለቸሁ እግዜር ይወቅ።

አንድ ቀን ከሰዓት የማኅበሩ ሰው መጣ። አባቴ ሁላችንንም «ማድቤት ነው በሉ» ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። እኔ ደፉ ላይ መጽሐፌን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሰውዬው በፈገግታ ጎንበስ ብሎ «ጎበዝ! አንባቢ ነሽ ለካ። እዚህ ማነው የሚያድረው?» አለኝ። ጎበዝ መባሌ ልቤን ነፋው። «እትዬ ዘነበች ናት። ማድቤቱማ ያ ነው» ብዬ፣ እንዳይሳሳት ብዬ ደግሞ፣ በጣቴ አሳየሁት።

በሳምንቱ እትዬ ዘነበች እንድትለቅ ተነገራት። አባቴ ቀበቶውን ሲፈታ መሃላችን ገብታ «ተዋት ወንድሜ፤ ውሸት ያላስተማርኳት እኔ ነኝ» አለችው። አልተመታሁም። ብመታ ኖሮ ምናልባት ዛሬ ቀለል ይለኝ ነበር። እሷ ኮልፌ አንድ ክፍል ተከራየች፤ እኔ ዘግይቼም ቢሆን ትምህርት ቤት ገባሁ፤ በለቀቀችው ቤት ውስጥ ጭድ ተከመረ።

ይኸው ዛሬ ደንቡ ተለውጧል፤ ቤት የሚሠራላት ግን የለችም። እስክትሞት ድረስ በየበዓሉ እኛ ጋ ትመጣ ነበር። የግቢያችን በር ቀን ቀን ተዘግቶ አያውቅም፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ውጭ ቆማ ታንኳኳለች፤ «ግቢ» እስክንላት ትጠብቃለች።