ማንም ያልተናገረበት የንግግር ፈተና

ጋሽ ሽመክት ከጎጃም መጥተው አርባ ምንጭ ላይ ሲያስተምሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በፍቅር አስተማሩ፤ የቀሩትን በልማድ። ባለቤታቸው ካረፉ፣ ልጆቻቸውም አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ ደግሞ ውስጣቸው ደንዝዟል። ደመወዝ ቢጨመርም፣ ጣሪያ ቢያፈስም ፊታቸው ያው ነው። ዛሬ በተነገረ ቀልድ የሚስቁት በማግስቱ ነው ይባላል።

ዘንድሮ የሚያስተምሩበት የግል ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አዲስ ነገር አመጣ። ተመራቂ ሁሉ በተግባቦትና በቡድን ሥራ ችሎታው ይመዘናል፤ ያላለፈ ጋውን አይለብስም። ለመምህራን ሥልጠና ተሰጠ፤ ስለ ማዳመጥ ያስተማረው ሰውዬ ለሻይ እረፍት እንኳ አፉን አልዘጋም። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ተማሪዎች ክብ ሠርተው ይወያያሉ፣ መምህሩ አብሯቸው ተቀምጦ ያያል እንጂ አይተነፍስም። ዝም ያለ ተማሪ ዜሮ ያገኛል። ይህን ለተማሪዎቹ የነገራቸው የለም።

የመጀመሪያው ቡድን ሦስት ነው፤ ኤርጫፎ ከዶርዜ፣ ቤቲና ዳልጮ ከካምባ። ዳልጮ አንደኛ ደረጃ ሲያስተምር ቆይቶ የመጣ ጎልማሳ ነው። ዘንድሮ ካልተመረቀ ወረዳው ያሰበለት የርዕሰ መምህርነት ቦታ ለሌላ ይሰጣል።

ርዕሱ ቀላል ነው፤ ሁለት ሠራተኞች ተጣልተዋል፣ አስታርቁ። ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ዝም።

ክፍሉ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ አባያ ውስጥ አዞ ሲያዛጋ ይሰማ ነበር። ሦስቱም ጋሽ ሽመክትን ያያሉ። እሳቸው ለኤርጫፎ ዜሮ ጻፉ፣ ለቤቲ ዜሮ ጻፉ፤ ዳልጮ ላይ ሲደርሱ ስክሪብቶው እምቢ አለ። የሰውየው ዕድል ሳይሆን የስክሪብቶው ነገር አናደዳቸው።

"አንተ፣ ምን ነካህ? መመረቅ አትፈልግም?"

"እንዴታ ጋሼ! እርስዎን እየጠበቅን ነው እኮ።"

"እኔን?"

"ሰው ክብ ሠርቶ ለእርቅ ከተቀመጠማ በእኛ ዘንድ ዱቡሻ ነው፤ የአገር ሸንጎ። ሽማግሌ ሳይመርቅ ማን አፉን ይከፍታል? እዚህ ትልቁ እርስዎ ነዎት።"

"እኔ እኮ እንዳልናገር ተከልክያለሁ።"

"ሽማግሌ ይከለከላል እንዴ?" አለች ቤቲ።

"አጭር ምርቃት ይበቃናል ጋሼ" አለ ኤርጫፎ፤ "ወንበሩም ቆረቆረን።"

ጋሽ ሽመክት እንዲናገሩ የጠበቃቸው ሰው ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ደስ አላቸው ማለት ይከብዳል፤ እንደ ደነዘዘ እግር የሆነ ቦታ ብቻ ውርር አላቸው።

"በሰላም ያነጋግረን" አሉ። ድምፃቸው እንደ ዛገ በር ሲጥ አለ።

"አሜን!"

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው! ዳልጮ ጀመረ፣ ቤቲ ተቀበለች፣ ኤርጫፎ ቋጨው፤ አንዱ የሌላውን ቃል ሳይቆርጥ። የሌሉትን ሠራተኞች እንዲያ አድርገው አስታረቋቸው፤ በእውነት ቢኖሩ ኖሮ ልጆቻቸውን ባጋቡ ነበር።

ጋሽ ሽመክት ዜሮዎቹን ሰረዙ። የፈተናው አስተባባሪ ወይዘሮ ጽጌሬዳ በሩ ላይ ብቅ አለች።

"ጋሼ፣ የእርስዎን ድምፅ ሰማሁ ልበል? ውጤቱ እኮ ይሰረዛል!"

"ከሰረዛችሁ የእኔን ሰርዙ። መናገር ሲገባኝ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። እነሱ አልፈዋል፤ ፈርሚ።"

ጽጌሬዳ ራሷን እየነቀነቀች ፈረመች። ዳልጮ ትንፋሹን ለቀቀ። የጋሽ ሽመክት ፊት ያው ነው።

ቀጣዩ ቡድን ገባና ክቡን ይዞ አያቸው። ይህኛውን ሳያስጠብቁ መረቁት።