ስም ያለበት ወረቀት

ኛዴንግ ወደ ድርጅታችን ከመምጣቷ በፊት ወረቀት አባካኝ መሆኔን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቢነግረኝም አልሰማውም ነበር። ጌዴዎን እባላለሁ፤ ጋምቤላ ከተማ ባለው ቅርንጫፍ የአስተዳደር ጸሐፊ ነኝ። ወላጆቼ ከከምባታ በሰፈራ መጥተው እኔን የወለዱኝ እዚሁ ነው፤ ሙቀቱን ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም፣ አርባ ዲግሪ ሲገባ ከፊቴ ካገኘሁት ሁሉ ጋር እጣላለሁ። ድርጅቱ ከአዲስ አበባ እህልና ዕቃ እየጫነ ጀዊንና ሌሎቹን የስደተኛ ካምፖች የሚያዳርስ ትልቅ የማጓጓዣ ድርጅት ነው። በቅርንጫፋችን ስልሳ ሦስት ሠራተኞች ነን፤ ወረቀት በማባከን ግን ከሁሉም የምበልጠው እኔ ነበርኩ።

አንድ ደብዳቤ ስጽፍ ሦስት ኮፒ አወጣለሁ፤ አንዱ ለሚመለከተው፣ አንዱ ለፋይል፣ አንዱ ደግሞ ለምንም። ፕሪንተራችን ያረጀ ስለሆነ የመጀመሪያውን ወረቀት ሁልጊዜ አጣሞ ነው የሚያወጣው፤ እሱን ቅርጫት ውስጥ እጥለዋለሁ። ቅርጫቱ ሲሞላ ከቢሮው ጀርባ ወዳለው ጉድጓድ ይገለበጥና ከስብሰባ ከተረፉት ባዶ ሃይላንዶች ጋር ሐሙስ ሐሙስ ይቃጠላል። የላስቲኩ ጭስ ዞሮ በመስኮት ይገባብናል፤ እኛም መስኮቱን ዘግተን በላብ እንጠመቃለን። ለዓመታት የኖርነው እንዲህ ነው፤ ማንም ምንም አላለም።

ኛዴንግ በጽዳት ሠራተኝነት የተቀጠረችው የዛሬ አምስት ዓመት ነው። ያኔ ወደ አርባ ዓመቷ ትጠጋለች፤ ረጅም፣ ቀጥ ብላ የምትራመድ፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ነች። ኑዌር ነች፤ የልጅነቷን ግማሽ ድንበር ማዶ፣ ግማሹን ካምፕ ውስጥ ነው ያሳለፈችው። በመጀመሪያው ሐሙስ ክብሪት ሰጥቼ ወደ ጉድጓዱ ስልካት፣ ክብሪቱን እንደያዘች ተመልሳ መጣች።

«ይሄ ወረቀት በአንድ በኩል ምንም የለውም» አለችኝ።

«እና?» አልኳት።

«እና ለምን ይሞታል?»

ሥራሽን ሥሪ ብያት ፊቴን አዞርኩ። እሷ ግን አላቃጠለችም። የሳምንቱን ወረቀት በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቃ ወደ መጋዘኑ ወሰደችና በእህል ሚዛን አስመዘነችው። የመጋዘኑ ጥበቃ ቦት ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አንዱ ነው፤ ከረጢቱን በአንድ እጁ ሚዛኑ ላይ ያወጣላት እሱ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ለስብሰባ በተቀመጥንበት ከረጢቱን እየጎተተች ገብታ ሥራ አስኪያጁ አቶ ኦኬሎ ፊት አቆመችው።

«ሠላሳ አንድ ኪሎ» አለች። «የአንድ ሳምንት ነው። አሥራ አራቱ ከጌዴዎን ቢሮ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም፤ እንዲያውም ሦስት ቀን ሰላም አላልኳትም። አቶ ኦኬሎ አኙዋክ ነው፤ ዝግ ያለ፣ ሲናደድ እንኳ ድምፁ የማይጨምር ሰው። ከረጢቱን አየና ምን እንደምትፈልግ ጠየቃት። ሦስት ካርቶን ብቻ እንደምትፈልግ ነገረችው።

ካርቶኖቹ የተቀመጡት እኔው ቢሮ መስኮት ሥር ነው፤ ሆን ብላ እንደሆነ አልጠራጠርም። አንደኛው አንድ ገጹ ባዶ ለሆነ ወረቀት ነው፤ እሱ ለረቂቅ ፕሪንት ይውላል፣ የተረፈውን መዘምራኑ መዝሙር ይጽፉበታል፣ በአቶ ኦኬሎ ፈቃድ። ሁለተኛው ሁለቱም ገጹ ላለቀለት፣ ሦስተኛው ለሃይላንድ። ሃይላንዱን ዘይት የሚቸረችሩ የገበያ ሴቶች መጥተው ይወስዱታል። ለስብሰባ ደግሞ ማጣሪያ ያለው የውሃ በርሜልና ኩባያ እንዲቀርብ አስደረገች፤ ስለዚህ ሃይላንዱ ራሱ እያደር አነሰ። ያለቀለት ወረቀት የት ይሄዳል ብለን ስንጨነቅ መልሱን ያገኘችው እሷ ነች። ግቢ ውስጥ የቆሙትን የጭነት መኪኖች በአገጯ አሳየችንና «እነዚህ ሲመለሱ ባዶ አይደሉም?» አለች። ሎጂስቲክስ ተምረን ዲግሪ የያዝን ሰዎች እርስ በርስ ተያየን። ከዚያ ወዲህ በየወሩ አንድ መኪና የኛን ወረቀት ጭኖ አዲስ አበባ ላለ የወረቀት ፋብሪካ ያደርሳል። ጉድጓዱ ተደፍኖ አሁን ላዩ ላይ ሞሪንጋ በቅሎበታል።

አንድ ጥብቅ ሕግ ነበራት። ስም ያለበት ወረቀት ባለቤቱ ራሱ ሳይቀደው ካርቶን ውስጥ አይገባም። መቅደዱ ስለበዛብኝ አንድ ቀን ስም ያለበት ወረቀት ከሌላው በምን ይለያል ብዬ አፌዝኩባት። መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ነገረችኝ። ልጅ እያለች፣ ካምፕ ውስጥ፣ የእናቷ ስም ያለበት አንድ ገጽ ከራሽን መዝገቡ ጠፋ። ስማችሁ የለም ተብለው ሁለት ወር ሙሉ ራሽን ሳያገኙ ጎረቤት እየለመኑ ኖሩ። በኋላ እናቷ ገበያ ሄዳ ስኳር ስትገዛ ስኳሩ የተጠቀለለበት ወረቀት ያ ገጽ ሆኖ ተገኘ። ይሄን ነግራኝ መጥረጊያዋን አንስታ ወጣች። እኔ ያን ቀን ከሰዓት ምንም አልጻፍኩም፣ አፍሬ ነበር።

ከመጀመሪያው ጀምሮ ዓርብ ዓርብ ከሥራ መውጫ ላይ በአማርኛ የተጻፉትን ወረቀቶች ለይታ ታመጣልኝ ነበር። እኔ አንድ በአንድ አይቼ «ስም አለው» ወይም «ስም የለውም» እላታለሁ። ለእኔ ካላት አክብሮት የመጣ ይመስለኝ ነበር። ቅዳሜ እስከ ምሳ እንሠራለን፤ አንድ ቅዳሜ ግን ቢሮው ዝግ ሆኖ ሳለ በዚያ ሳልፍ በር ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ዝግ መሆኑን የሚናገረውን ማስታወቂያ በዋዜማው ለካርቶኗ ብላ ከሰሌዳው ላይ የነቀለችው እሷው ነበረች። ያኔ ገባኝ። መጽሐፍ ቅዱሷን በኑዌርኛ ታነባለች፣ ካምፕ የተማረችውን እንግሊዝኛም እንደዚሁ፤ የአማርኛውን ፊደል ግን አታውቀውም። የቅጥር ማስታወቂያችን ደግሞ አማርኛ ማንበብና መጻፍ ግዴታ ነው ይላል። ቢታወቅ ሥራዋን ታጣለች፤ የምታሳድጋቸው ሦስቱ የሟች እህቷ ልጆች ደግሞ የሚተዳደሩት በዚህችው ሥራ ነው። እኔ ለማንም አልተነፈስኩም፣ እሷም ማወቄን አውቃ ምንም አላለችኝም። የዓርቡ ነገር በዚሁ ቀጠለ።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ዋናው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሊቀንስ አሰበና የአሥራ ሁለት ሰዎች ዝርዝር በረቂቅ እንድናዘጋጅ አዘዘ። ዓርብ ከሰዓት ነው፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ውሏል፣ እኔም እንደ ልማዴ ከራሴ ጋር እየተጣላሁ ነበር። ዝርዝሩን ጻፍኩ። ለአቶ ኦኬሎ ደካማ ዓይን ስል በትልልቅ ፊደል ነው የጻፍኩት። ፕሪንተሩ የመጀመሪያውን አጣመመው፣ እኔም እጄ እንደለመደው የተጣመመውን አንደኛው ካርቶን ውስጥ ጣልኩ።

ወዲያው ኛዴንግ ወረቀቶቿን ይዛ መጣች። «ጌዲ፣ እይልኝ።»

«ምንም የለበትም፣ ሁሉም ይሂድ» አልኳት፣ ቀና ሳልል።

«አላየህም።»

«አየሁ አልኩሽ።»

ወረቀቶቿን ሰብስባ ሄደች።

እሑድ መዘምራኑ አዲስ የኑዌርኛ መዝሙር ይዘው ወጡ። ቦት ከሁሉም ረጅም ስለሆነ መሃል ነው የሚቆመው፤ ወረቀቱንም ደረቱ ላይ ከፍ አድርጎ ነው የሚይዘው። መዝሙሩን ገልብጦ ያደላቸው አማርኛ የማያነብ ሰው ነው፤ የተጻፈበት ገጽ ወደ ቦት ዞሯል። ወደ እኛ የዞረው «የሚቀነሱ ሠራተኞች» የሚለው የእኔ ዝርዝር ነበር፣ ተጣሞ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት። አራተኛው ላይ ቦት ጋይ ይላል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። አጠገቤ ያሉት የመጋዘን ሠራተኞችም አነበቡት። ቦት ሰው ሁሉ እሱን እንደሚያይ ሲያስተውል መዝሙሩ የነካን መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ያልኩበት ጊዜ የለም።

ከጸሎቱ በኋላ ሰዎች ነገሩት። ገልብጦ አነበበውና አራት አጥፎ ኪሱ ከተተው። «እውነት ነው?» አለኝ። ረቂቅ ነው አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ልጆቹን ይዞ ሄደ።

ሰኞ ግቢው ሰው በሰው ሆነ። ከአዲስ አበባ በየግማሽ ሰዓቱ ይደወላል። አቶ ኦኬሎ እኔንና ኛዴንግን አስጠራንና ወረቀቱ እንዴት እንደወጣ ጠየቀ።

«ካርቶኑ የኔ ነው» አለች ኛዴንግ።

«ሳታዪው ነው ያወጣሽው?»

«ካርቶኑ የኔ ነው» ብላ ደገመች። አንዴም ወደ እኔ አላየችም። ዞር ብትል፣ በዓይኗ ብቻ ብትጠይቀኝ እናገር ነበር ብዬ እስከ ዛሬ ራሴን አታልላለሁ። ዝም ያልኩት ምስጢሯን ለመጠበቅ ነው ብዬም ለራሴ ነግሬው ነበር። ውሸት ነው። ለእንጀራዬ ፈርቼ ነው።

አቶ ኦኬሎ የስንብት ደብዳቤዋን እስከ አሥር ሰዓት እንዳደርስለት አዘዘኝ። ቢሮዬ ገብቼ ጻፍኩት። ፕሪንተሩ የመጀመሪያውን አጣመመ። ሁለተኛውን አቃፊ ውስጥ አስገባሁና ውሃ ልጠጣ ወጣሁ። የተጣመመውን የት እንዳደረግሁት እንኳ ልብ አላልኩም።

ስመለስ ኛዴንግ ካርቶኖቹ አጠገብ በርከክ ብላ ወረቀት ትለያለች። እንደምትባረር ገብቷታል፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ለሚቀጥለው ሰው ተዝረክርኮ እንዳይጠብቀው እየጨረሰች ነበር። የአማርኛዎቹን ይዛ ተነሳች።

«ዓርብ አልኖርም። ዛሬ እንጨርስ» አለችኝና የላይኛውን ዘረጋችልኝ። «ይሄ ስም አለው?»

የተጣመመው ደብዳቤ ነው።

«አለው» አልኳት።

«የማን?»

«ያንቺ።»

ወረቀቱን ለጥቂት ጊዜ አየችው፤ መስመሮቹን ሳይሆን ወረቀቱን። ምን ይላል ብላ አልጠየቀችኝም። «እንግዲያ ባለቤቱ ነው የሚቀደው» አለችና ለሁለት ቀደደችው፣ ደርባ እንደገና ለሁለት፣ ጠርዙን አስተካክላ ሁለተኛው ካርቶን ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀጣዩን ዘረጋችልኝ። «ይሄስ?»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። አቃፊውን ይዤ አቶ ኦኬሎ ጋ ሄድኩ። ዝርዝሩን የጣልኩት እኔ መሆኔን፣ እይልኝ ስትለኝ ሳላይ አየሁ ማለቴን፣ ጠዋት ፊቱ ዝም ማለቴንም ተናገርኩ። አቶ ኦኬሎ እስክጨርስ ሰማኝና የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቀ። «አንተን ለምን ትጠይቃለች? ራሷ አታነብም?»

ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ኛዴንግ በሩ ላይ ነበረች። «አማርኛ አላነብም» አለች። «ስቀጠር አልተናገርኩም። እሱ አውቆ ዝም አለልኝ።»

«አራት ዓመት ሙሉ ሳታነቢ» አለ አቶ ኦኬሎ፣ «አንድ ወረቀት ሳይጠፋ።»

«አንድ ጠፋ» አለች ኛዴንግ።

አቃፊውን ከእጄ ተቀበለና ለእሷ ሰጣት። ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቅ ነበር።

ሁሉም ነገር አልተስተካከለም። የመጨረሻው ዝርዝር ሲወጣ አሥራ ሁለቱ ሰባት ሆኑ፤ ቦት ከሰባቱ አንዱ ነበር። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ተቀበለኝ፤ አሁን በአንድ ትምህርት ቤት ጥበቃ ሆኗል። እሑድ እሑድ ግን መዝሙር ከመጀመሩ በፊት ወረቀቱን ገልብጦ ወደ እኔ ያይና ፈገግ ይላል።

የእኔ ቅጣት ከዋናው መሥሪያ ቤት እስኪመጣ ሁለት ወር ፈጀ። በዚያ ሁለት ወር ከምሳ በኋላ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ከኛዴንግ ጋር ካርቶኖቹ አጠገብ እየተቀመጥን ፊደል ቆጠርን። እኔ መምህር ለመሆን ትዕግሥት የለኝም፤ እሷ ግን ለሁለታችንም የሚበቃ አላት። ቅጣቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። ፕሪንተሩ የመጀመሪያውን አጣመመ።

በዚያ ዓርብ ኛዴንግ ወረቀቶቿን ይዛ መጣች። የላይኛውን አነሳች፤ አልዘረጋችልኝም። ጣቷን ከፊደል ወደ ፊደል እየወሰደች ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

«ስም አለው» አለች። «ጌ…ዴ…ዎን።»

ልቀደው እጄን ዘረጋሁ። አልሰጠችኝም። ከጠረጴዛዬ ላይ ፕላስተር ቆርጣ ከአንደኛው ካርቶን በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። እስካሁን እዚያው ነው፤ ወረቀት ከመጣሌ በፊት አነበዋለሁ።