ሰባት ሆነን ያየነው ቤት

ከአዲስ አበባ በወጣሁበት ምሽት እማዬ ሻንጣዬን ስትዘጋ የመከረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ብቻሽን አይተሽ ቤት እንዳትገቢ። አንቺ ቀለሙ ካማረሽ ሌላው አይታይሽም።»

ፍራንክፈርት ስደርስ ግን የምመርጠው ቤት መች ነበረኝ! መጀመሪያ ሃይም የሚሉት የስደተኞች መጠለያ፣ ቀጥሎ ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ ባንሆፍስፊርቴል፣ ከሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል። እኔ፣ ባለቤቴ ታደሰና ልጃችን ሶልያና ዘጠኝ ዓመት በእሷ ውስጥ ተጣብበን ኖርን።

ዘንድሮ ዚንድሊንገን የሚባል የከተማው ዳር ሰፈር ውስጥ፣ ታደሰ ከሚሠራበት ፋብሪካ አጠገብ፣ ጓሮ ያለው ቤት ለኪራይ ወጣ። ማስታወቂያው ያልደረደረው የለም፤ የኤስ-ባን ባቡር ጣቢያ በእግር አምስት ደቂቃ፣ ጥግ ላይ ዳቦ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የልጆች መጫወቻ፣ የማይን ወንዝ ዳር። ቤቱን የምናይበት ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ሰጡን። እኔም እማዬ እንዳለችው ከቤተ ክርስቲያናችን አራት ሰዎች ጠርቼ ሄድኩ። አከራዩ ከፍቶ ሰባት ሰው ሲያይ በሩን ይዞ ቀረ።

«ሰባታችሁም ልትኖሩበት ነው?»

«ሦስት ነን። እነዚህ ቤቱን ሊያዩልኝ የመጡ ናቸው።»

«እርስዎ ዓይን የለዎትም?»

«አለኝ። ቀለም ያታልለዋል።»

ሶልያና ፊቷን ሸፍና «ማማ፣ ፓይንሊሽ!» አለችኝ። ያሳፍራል ማለቷ ነው። ይፈር የሚያፍር!

አከራዩ «ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው» ብሎ ሳይጨርስ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። እስኪያልፍ ጠበቀና «መስኮት ሲዘጋ አይሰማም» አለ።

ከአራቱ አንዱ ጋሽ ደረጄ አገር ቤት ግንበኛ ነበሩ፤ እዚህ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናሉ። ምድር ቤት ወርደው ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩ። «ነይ እስኪ ልጄ፣ ይሄ ውሃ ጠጥቷል» አሉኝ። ቁም ሣጥኑን ገፋ ሲያደርጉት ጥቁር ሻጋታ እስከ ጣሪያ ወጥቷል።

አከራዩ ቀላ። «እኔ የማከራየው ለቤተሰብ ነው፣ ለማኅበር አይደለም!»

ቤቱ ከእጄ ሲወጣ ታየኝ። ያቺ አንድ ክፍል ትዝ አለችኝ። ግን አንገቴን አልደፋሁም። «እናንተስ ቤት ስትገዙ ባለሙያ ከፍላችሁ ታስመረምሩ የለም? የእኔዎቹ በነጻ ናቸው። ሻጋታውን ያስጠግኑና እፈርማለሁ» አልኩት። ታደሰ ክንዴን ጎተተኝ። ቢጎትተኝም አልተመለስኩም።

ሦስት ሳምንት የአከራዩ ድምፅ ጠፋ። ከዚያ ውሉ በፖስታ መጣ። ሻጋታው ተጠግኗል፤ «ከሦስት ሰው በላይ አይኖርም» የሚል መስመርም ተጨምሯል። እኔ ደግሞ ከሥሩ በእጄ «እንግዳ አይቆጠርም» ብዬ ጽፌ መለስኩለት። ፈረመ!

አሁን ጓሮዬ ውስጥ ጎመን በቅሏል። ዳቦ ቤት ያለችው ሴትዮ ስሜን ለምዳለች፤ ዳቦዋ ግን እንደ ድንጋይ ነው፣ እውነቱን ልናገር። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ቤቴ ይሞላል፣ ጎረቤቱም ከአጥሩ ማዶ ይቆጥረናል። ይቁጠር!

የገባን ቀን ለእማዬ ደውዬ በስልኩ ካሜራ ቤቱን እያዞርኩ አሳየኋት።

«ማን አየልሽ?»

«ሰባት ሆነን ነው ያየነው።»

«ምድር ቤቱንስ?»

«ጋሽ ደረጄ በጣታቸው አንኳኩተው!»

«እሰይ» አለች። ቀጥላ «እኔ ግን አላየሁትም» አለችኝ።

እኛን ለማየት እንዳትመጣ ቪዛ ሁለት ጊዜ ከልክለዋታል።

«ውሉ ላይ እንግዳ አይቆጠርም ብዬ የጻፍኩት ለማን መስሎሽ ነው?» አልኳት። ፊቷን ከካሜራው ስላዞረች ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁትም። ሦስተኛውን የቪዛ ማመልከቻ የፊታችን ሰኞ እናስገባለን።