የአባዬ ቅሬታና የላሞቹ ትዕግሥት

በታላቅ ጸጸት እናዘዛለሁ፦ ዛሬ ሽማግሌዎች በሚናገሩበት ስብሰባ አፌን ከፍቻለሁ።

ባንኮችን የሚቆጣጠረው የፓርላማ ኮሚቴ ቅሬታ ሊሰማ ነገሌ መጥቶ ነበር።

አባዬ ለወፍጮ ቤት ብድር ሲጠይቁ ባንኩ «ከብት መያዣ አይሆንም፣ ቤት አምጣ» ብሏቸዋል። ሳምንቱን ሙሉ በረት ገብተው ንግግር ሲለማመዱ ሰነበቱ። ላሞቹ በቃላቸው ይዘውታል።

ማይኩ ሲደርሳቸው ግን ኮሚቴውን መረቁ። ቀጣዩም ሽማግሌ መረቁ። ባንኩ ራሱ ተመረቀ!

ሰብሳቢዋ «እንግዲህ ቅሬታ የለም» ብለው መጻፍ ሲጀምሩ፣ ከኋላ «አባዬ፣ ላሞቹ የሰሙትን ይንገሯቸው እንጂ!» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢዋ የጻፉትን ሰረዙ። አባዬም ላባቸውን እየጠረጉ አንድም ቃል ሳይረሱ ተናገሩ።

የእናንተስ አባት ቤት ውስጥ አንበሳ፣ ማይክ ፊት መራቂ ናቸው? ቶሎ ከታች ጻፉልኝ፣ አባዬ በሬን እያንኳኩ ነው —

«ሄለን!»