የልጄን የክርስትና ስም ከሰው ሰማሁ

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ሁለተኛዋ ልጄ ክርስትና የተነሣች ዕለት ነው። እስከ ዛሬ ያንን የቤተ ክርስቲያን በር ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰዎች "ተይው፣ አለፈ እኮ" ይሉኛል። ለእነሱ አልፎ ይሆናል።

የምንኖረው ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ገጠር ነው። በቆሎና በርበሬ እናመርታለን። ከመጀመሪያዋ ልጄ በኋላ በየሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ እወጋ ነበር፤ ተስማምቶኝም ነበር። ልጅ ስንፈልግ ተውሁት፤ ቆይታም ቢሆን ይቺ መጣች። ከዚያ ወዲያ ሁለት ይበቁናል፣ መሬቱም ከዚህ በላይ አይከፈልም ብለን ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ጨረስን።

ሕፃኗን የመጀመሪያ ክትባቷን ላስከትብ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድሁ። በዚያው መርፌዬን ልጀምር አስቤያለሁ። ያገኘኋት ባለሙያ ቀና ብላም አላየችኝ።

"መርፌ ምን ያደርግልሻል? ስትመላለሺ ልትኖሪ ነው? በክንድ የሚቀበረው ይሻልሻል። ሦስት ዓመት ትገላገያለሽ።"

"እኔ የለመድሁት…" ብዬ ሳልጨርስ እጅጌዬን ሰብስባ ክንዴ ውስጥ ቀበረችው። ባለቤቴ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ከፍቶ ያያል፣ ወዲያና ወዲህ ያስነዳዋል፣ ዐመሉን ከጎረቤት ይጠይቃል። እኔ ሥጋዬ ውስጥ ለሚቀበር ነገር አንዲት ቃል አልተጠየቅሁም፣ አንዲት ቃልም አልተነገረኝም።

ደሙ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጀመረኝ። ብዙ አይደለም፤ ግን አይቆምም። ደረቀ ስል ይመለሳል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሴት ደም እየታያት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። የልጄ ሰማንያ ቀን ደርሷል። ከወለድሁ ቤተ ክርስቲያን ረግጬ አላውቅም፤ ያን ቀን ልጄን አቅፌ ልገባ፣ አቅፌ ላስቆርባት ነበር የምጠብቀው።

የገበያ ቀን ጠብቄ ጤና ጣቢያ ተመለስሁና "አውጪልኝ" አልኋት። ደም አስቸገረኝ ብላት "እሱ የሚጠበቅ ነው፣ ቻዪው፣ ይለመዳል" አለች። የሚጠበቅ ከሆነ ታዲያ ያን ጊዜ አፍሽን ምን ያዘው? ክርስትና አለብኝ ስላት ሳቀች። ያ ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

"ጊዜው ሳይሞላ አይወጣም። ይኸ ሁሉ ሴት ችሎ አንቺ ብቻ ነሽ የተቸገርሽ?"

የገዛ ክንዴን ይዤ፣ ለምኜ ሳይሆንልኝ ወጣሁ። አማቴ ይኸን ሲሰሙ "ደህና ተቀምጠሽ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር!" አሉኝ።

ባለቤቴ ቀኑን እናዘግየው ብሎ የንስሐ አባታችንን ጠየቃቸው። እሳቸው ግን "የሕፃን ነፍስ ቀጠሮ አታውቅም። ልጅቱ ትጠመቅ፤ እናትየዋ ሲጠራላት ትገባለች" አሉ። ለእኔም "ልጄ፣ ሥርዓት ነው እንጂ ያንቺ ኃጢአት አይደለም" አሉኝ። እሳቸውን አልቀየምሁም።

የክርስትናው ዕለት ገና ሳይነጋ ተነሥቼ ደሙ ቆሞ እንደሆነ አየሁ። አለ።

ልጄን የባሌ እህት አቅፋት ገባች። እኔ ከቅጽሩ ውጭ፣ ግንቡን ተደግፌ ቆምሁ። እስክትቆርብ ጡት አይሰጣትም፤ ርቧት ስታለቅስ በግንቡ በኩል ይሰማኛል። ወተቱ ቀሚሴን አረጠበው። ነጠላዬን ደርቤ ሸፈንሁት።

አንዲት ጎረቤታችን ስትገባ አየችኝና "አንቺ፣ ዛሬ ያንቺ ቦታ ውስጥ አይደለም እንዴ?" አለች።

"ትንሽ አሞኝ ነው።"

ከላይ እስከ ታች አይታኝ ገባች። እስከ ማታ ድረስ አንዷ በሽታ አለባት አለች፣ ሌላዋ ያልተናዘዘችው ነገር ቢኖር ነው አለች። ይኸን ሁሉ ያመጣችው ሴት ግን ቢሮዋ ተቀምጣለች።

ልጄን ይዘውልኝ ሲወጡ ከባሌ እህት እጅ ነጠቅኋት ማለት ይቻላል። ካጠባኋት በኋላ ነው ለመጠየቅ ትዝ ያለኝ።

"ስሟን ማን አሏት?"

"ወለተ ሥላሴ" አለችኝ። የወለድኋትን ልጅ ስም ከመንገድ ዳር፣ ከሰው አፍ ሰማሁ።

በሳምንቱ ቡሬ እህል የምትነግደው እህቴ ዘንድ ሄድሁ። እሷ ወደምትታከምበት ወሰደችኝ። እዚያ ያለችው ነርስ መጀመሪያ አስቀመጠችኝ። ከዚህ በፊት ምን ትወስጂ ነበር? ታጠቢያለሽ? ምኑ ነው ያስቸገረሽ? አለችኝ። ኪኒኑን፣ መርፌውን፣ ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠውን፣ ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ አውጥታ የየአንዳንዱን ደጉንም ክፉውንም ነገረችኝ። "መርፌውም አንዳንዷን ደም ያዛባባታል፤ አንቺን ከተስማማሽ ግን እሱን ቀጥይ። ካስቸገረሽ ተመለሺ፣ ሌላ እናያለን" አለች። ከዚያ ክንዴን አደንዝዛ፣ ሻይ እስኪፈላ ባለ ጊዜ ውስጥ አወጣችው።

ለዚህች! ለዚህች ስንጥር ለምታህል ነገር ነው ከልጄ የተለየሁት! ነርሷ አሞኝ መስሏት ታባብለኛለች፤ እኔ የማለቅሰው በንዴት ነው።

መድኃኒቱን አልረግምም። እህቴ ያንኑ በክንዷ ይዛ ደህና ነች፤ ለሷ ልኳ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ አለመጠየቄ ነው። እንዴት እንደምንኖር፣ ምን እንደምንፈራ፣ የት እንደምንገባ የሚጠይቀን ጠፋ። ቤት ያለው የክርስትና ፎቶ ላይ ልጄን አቅፋ የቆመችው የባሌ እህት ናት። ግድግዳ ላይ ይሰቀል ሲሉ እኔ ነኝ እንቢ ያልሁት።

በቅርቡ ትልቋን ላሳክም ያንኑ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ያችው ሴት አለች። ፊቷ አንዲት አራስ፣ ገና ልጅ እግር፣ እጅጌዋን ሰብስባ ተቀምጣለች። ወረፋዬ አልነበረም፤ ገባሁ።

"እህቴ፣ ልጅሽ ክርስትና ተነሥታለች?" አልኋት።

"ገና ናት።"

"እንግዲያው ደም ያመጣ እንደሆነ ጠይቂያት። ባይስማማሽ የምታወጣልሽ እንደሆነም ጠይቂያት።"

ባለሙያዋ "ውጪልኝ" አለችኝ። አልወጣሁም። አራሷ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየች፤ ከዚያ እጅጌዋን መልሳ አወረደችና "እስቲ መጀመሪያ ሁሉንም ንገሪኝ" አለቻት።